እሾህ የሌለው ብርቱካን

የአልጋነሽ ባል ኢያሱ ከቦንጋ ዝቅ ብሎ ባለው ችግኝ ጣቢያው፣ በብርቱካን ችግኞች መካከል በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን በአካፋ ተመትቷል። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በነበረው በጋ ነው። ፖሊስ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የነበረውን ታናሽ ወንድሟን ማሙሽን አሰረ። አልጋነሽ ባሏን ቀብራ ሳታበቃ ለወንድሟ እንቅልፍ አጣች።

ድንኳን የተከለው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው የኢያሱ ሚዜና የሥራ ሸሪኩ ቢሻው ነው። አልጋነሽ ክንዱ ተቧጭሮ ብታይ ማር ቀባችለት።

በሰልስቱ መርማሪዋ ኢንስፔክተር በዛወርቅ መጣች። ቢሻው ሳህን ሲያቀብላት ክንዱን አየች።

«ምን ነካዎት፣ ጋሽ ቢሻው?»

«የግቢው ብርቱካን ነዋ። ለለቀስተኛ ስለቅም ቧጠጠኝ። ብርቱካን መቼም ሁሉም እሾሃም ነው።»

«ችግኝ ጣቢያው ሄደው ነበር?»

«ሰሞኑን ቢታ ገነት ነበርኩ። በእጄ ቅርንጫፍ ከግንድ አጣብቄ ግራፍት ያደረግሁትን ችግኝ ሳከፋፍል መርዶ ሰማሁ።»

በዛወርቅ ወጥታ ዛፉን በባዶ እጇ ዳበሰችው።

«ልጆች ይወጡበታል?» አለቻት አልጋነሽን።

«ሲንጠላጠሉበት ነው የሚውሉት። አንድም ቀን ተቧጭረው አያውቁም።»

በማግስቱ በዛወርቅ ማሙሽን አስመጥታ ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰበሰበች።

«ከዘር የበቀለ ብርቱካን ልጅ ሳለ፣ ከዘሩ የወረሰው የእሾህ ጂን ይሠራል» አለች። «ሲጎለምስ ያው ጂን እዚያው እያለ ዝም ይላል። ከሚያፈራ ዛፍ ተቆርጦ ግራፍት የተደረገ ችግኝ እሾህ የማያወጣው ለዚህ ነው።»

«ሲጠማ ወይ ሲቆረጥ ያወጣል» አለ ቢሻው ፈጠን ብሎ።

«ጉዳት የተኛውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ ግን አልተጠማም፣ አልተቆረጠም። ዳብሱት። እሾሃም ብርቱካን ያለው ኢያሱ የወደቀበት፣ ከዘር የበቀሉት ችግኞች ግራፍት በሚጠባበቁበት መደብ ላይ ነው። እርስዎ እዚያ ካልሄዱ ለምን በዚህ ዛፍ ያሳብባሉ?»

ቢሻው ክንዱን በጋቢው ሸፈነ።

«ደግሞ ግራፍት የሚያደርግ ሰው ብርቱካን ሁሉ እሾሃም ነው አይልም። የቢታ ገነት ገበሬዎችን አስጠየቅሁ፤ የሸጡላቸው ችግኝ ሁሉ እሾሃም ነው። እርስዎ ከዘር የበቀለውን በኢያሱ ስም ግራፍት ነው እያሉ ሸጡ። እሱም ደረሰበት።»

ቢሻው ፊቱን ወደ አልጋነሽ መለሰ። «ለገበሬዎቹ እነግራለሁ አለኝ። ለመንኩት፤ እንቢ አለ።»

ማሙሽ ተፈትቶ እህቱን አቀፋት። እሷ የራሷን ጣቶች ነበር የምታየው።

«ማር የቀባሁልህ እኮ እኔ ነኝ» አለችው ቢሻውን። «እጅህን ስጠኝ ስልህ፣ ዝም ብለህ ዘረጋህልኝ።»