ብሮንዚናው እስኪደርስ

ጭነት መኪናው የከተማውን የመጨረሻ ቤቶች አልፎ ወደ ደረቁ ሜዳ እንደገባ ቤንዚን ማንጠባጠብ ጀመረ። መካኒኩ ከሽታው አወቀ። ቀዳዳው የት እንደሆነም ወርዶ ማየት አላስፈለገውም፤ ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ «ይበየድ» ብሎ በጣቱ ያሳየው ቦታ ነውና። የመኪናው ሹፌር፣ የመካኒኩ ሟች ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ሦስቱንም ጊዜ «ግድ የለም» ብሎ አልፎት ነበር።

በመካኒኩ ጭን ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ብሮንዚና ነበር፤ የሞተር ዘንግ ተደግፎ የሚሽከረከርበት፣ ከሁለት ግማሽ ቀለበት የተሠራ የነሐስ ማቀፊያ። የሚጓዙት የሁለት ቀን መንገድ ወደምትርቅ መንደር ነው። ለመንደሯ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስብላት አንድ አሮጌ ሞተር ብቻ ሲሆን፣ የእሱም ብሮንዚና ተቃጥሏል። መልእክቱ ሲደርስ በማጠራቀሚያው የቀረው ውሃ ለአምስት ቀን የሚበቃ ነበር፤ ነሐሱን አቅልጦ፣ ቀርጾ እስኪያበቃ ሦስቱ ቀናት አለቁ። የሞተሩ ጠባቂ ደግሞ የመካኒኩ ልጅ ናት፤ የሁለት ሕፃናት እናት።

ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ከአፉ ያወጣውን ማስቲካ በቀዳዳው ላይ ሊለጥፍ ሲል መካኒኩ እጁን ያዘው። ማስቲካ በቤንዚን እንደሚሟሟ ስንት ጊዜ እንደነገረው ጠየቀው። ሹፌሩ አልቆጠርኩም ሲል መለሰ። መካኒኩ ደረቅ የልብስ ሳሙና አውጥቶ ስንጥቁ እስኪሞላ ድረስ ፈተገበት፤ ሳሙናን የሚያሟሟው ውሃ ነው እንጂ ቤንዚን አይደለም። ጠብታው ቆመ።

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ተነሳ። አቧራው ሰማዩንና ምድሩን አንድ አድርጎ ደፈናቸው፤ መኪናው እንደ ዓይነ ስውር እየዳበሰ ተንፏቀቀ። ነፋሱ ሲያልፍ በቦታው ሙቀት ተተካ። ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እንዳለ ፈልቶ ተነነና ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቆመ። መካኒኩ ለመጠጥ ከያዙት ውሃ ጨርቅ አርሶ በቱቦው ላይ ጠመጠመ። እስኪመሽ ድረስ በየጥቂቱ እየቆሙ፣ ጨርቁን እያራሱ ተጓዙ። ሹፌሩ መኪናው ከሁለታችንም በላይ ጠጣ እያለ አጉረመረመ፤ መካኒኩም ከሁለታችን ይልቅ እሱ እየሠራ ነው አለው።

በማግስቱ ጠዋት ባትሪው ሞቶ አገኙት። ሹፌሩ ማታ መብራቱን ሳያጠፋ ተኝቶ ኖሯል። መካኒኩ ማኖቬላውን፣ ሞተር በእጅ የሚቀሰቀስበትን ቆልማማ ብረት፣ ከመቀመጫው ሥር መዞ በመኪናው አፍንጫ ሰካ። ያን ጊዜ ከግራሩ ጥሻ ውስጥ አንድ ብቸኛ የጎሽ ኮርማ ወጣ፤ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በኮቴው ጫረ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ።»

«አንተ ቁልፉን ክፈት፤ ሌላውን ለእኔ ተው።»

መካኒኩ በአርባ ዓመት ውስጥ በጋራዡ ባለፈ ሰው ሁሉ ላይ የጮኸበት አንድ ሕግ ነበረው። ማኖቬላ ሲጨበጥ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ እጅ ይሰብራልና። ጎሹ ሲንደረደር ሕጉን የደነገገው ሰው ረሳው። በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ጎተተ፤ ሞተሩ መልሶ መታው፤ የቀኝ እጁ አንጓ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በዚያው ቅጽበት ጎሹ የመኪናውን ጎን በቀንዱ ወግቶ ሳንቃውን ፈለጠው። መካኒኩ ጥርሱን ነክሶ በግራ እጁ ጎተተ። ሞተሩ ተነሳ። እየሮጠ በበሩ ተንጠለጠለ፤ ጎሹም አቧራቸውን እየዋጠ ጥቂት ተከተላቸውና ተዋቸው።

ከተፈለጠው ሳንቃ ሁለት ስንጣሪ ወስደው እጁን አሰሩት።

«ጋሼ፣ አውራ ጣትዎ በየት በኩል ነበር?» አለ ሹፌሩ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ከመንደሯ በፊት ያለው ወንዝ ዘንድ ሲደርሱ መሻገሪያውን አንድ የውሃ ቦቴ ዘግቶታል። ግራና ቀኙ ሰው የሚውጥ ጭቃ ነው። የቦቴው ባለቤት የመንደሯ ሞተር ከተቃጠለ ወዲህ የወንዝ ውሃ እየቀዳ ለመንደሯ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ብሮንዚና ይዘው እንደሚመጡም ሰምቷል። ከድንጋይ ላይ ሳይነሳ መኪናው እንደሞተበት፣ የሚጠግነው ሰው ምናልባት በሦስተኛው ቀን እንደሚመጣ ነገራቸው።

መካኒኩ ሹፌሩን የቦቴውን የሞተር ክዳን አስከፈተው። ሞተሩን ሁሉ አቧራ ለብሶታል። ብልጭታ የሚያስተላልፈው ወፍራም ሽቦ ግን በቦታው የለም፤ ይሰካበት የነበረው ጉድጓድም ከአቧራ ንጹሕ ሆኖ ያበራል።

«ሽቦው ኪስህ ውስጥ ነው» አለ መካኒኩ።

«ፈትሸኝ አባባ። በየትኛው እጅህ?»

መካኒኩ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሹፌሩን ከዳርቻው ደረቅ ሸምበቆ አስቆረጠው፤ ከራሳቸው መኪና የክላክሱን ሽቦ አስፈታው። ሽቦው በሸምበቆው ውስጥ ካለፈ ብልጭታው ወደ ብረት አያመልጥም። ይህን በራሱ እጅ በአምስት ደቂቃ በጨረሰው ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱን ነገር በአፉ ማዘዝ ነበረበት፤ ሹፌሩም የመጀመሪያውን ሸምበቆ ሰነጠቀ፣ ሁለተኛውን ወንዝ ውስጥ ጣለ። ሦስተኛው ተሰካ። ቁልፉን ባለቤቱ ተማምኖ በቦታው ትቶት ነበርና ቦቴው አጉረመረመ፣ ተነሳ፤ ሹፌሩም ወንዙን አሻግሮ በማዶ አቆመው። ባለቤቱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየተሳደበ ተከተለው።

«ተሠርቶልሃል፤ አታመስግን» አለው መካኒኩ ሲያልፉ።

ከቀትር በኋላ ደረሱ። ሕዝቡ ባዶ ጀሪካን ይዞ በሞተር ቤቱ ደጅ ተሰልፏል። ልጁ የታሰረውን እጅ አየች፤ ሳትጮህ በርጩማ አቀረበችለት።

ብሮንዚና እንዲሁ አይገጠምም። ዘንጉ በዘይት የተለወሰ ጥላሸት ይቀባል፤ ብሮንዚናው ተደርጎበት ይዞራል፤ ሲወጣ ጥቁር የነካው ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ ያ ብቻ በስሱ ይፋቃል። ይህም ጥቁሩ በሁሉም ላይ እኩል እስኪዳረስ ይደጋገማል። መካኒኩ በግራ እጁ ሞከረ፤ መፋቂያው አምልጦት ነሐሱን ጫረው። ልጁ መፋቂያውን ከእጁ ወሰደች።

በጋራዡ ሥራው እዚህ ሲደርስ ማንም እንዳያይበት ለሰው ሁሉ ጀርባውን የመስጠት ልማድ ነበረው። ለልጁም ቢሆን።

«ቀስ። እንደሱ አይደለም። ስንት ጊዜ ልንገር?»

«አንድ ጊዜ እንኳ ነግረኸኝ አታውቅም አባዬ።»

መካኒኩ የሚቆጣበት ነገር ፈለገ፤ ሹፌሩን አየ፤ ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት አልነበረበትም። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ መፋቂያው እንዴት እንደሚያዝ፣ ክንድ የት ላይ እንደሚደገፍ፣ ዝግ ብሎ ነገራት። ቀባች፣ አዞረች፣ ፋቀች። ከዘጠነኛው ዙር በኋላ አንድ ጊዜ ድገሚው አላት። ጣቷን በነሐሱ ላይ አሳለፈች።

«አይሆንም። ከዚህ ካለፈ ይላላል።»

መካኒኩ ጎንበስ አለ። የግራ አውራ ጣቱን አሳልፎ ዳሰሰ፤ እንደገናም ዳሰሰ።

«ይላላል» አለ።

ገጠሙት፤ ሞተሩ ተነሳ፤ አላንኳኳም። ከቱቦው መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ፤ ሕዝቡም እየተጋፋ ወደዚያው ሮጠ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው በደጁ የቀሩ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ ያ ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁት።

ፀሐይ ያደበነው፣ ጎሽ ያባረረው፣ ማኖቬላ እጁን የሰበረው ሰው በርጩማውን ወደ ጎን ገፋ አደረገላቸው።

«ጥላሸትና ዘይት ነው እናቴ» አለ። «ይግቡ፣ ላሳይዎት።»