በአንድ ቁልፍ ሁለት ነገር

ሽማግሌው መርፌውን እንደተወጉ ሞቱ። አስከሬናቸው ከክሊኒኩ አልጋ ሳይነሳ ነርሷ ታሰረች። የወጋቻቸው ፔኒሲሊን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም።

በማግስቱ መርማሪዋ መጣች። የማትጠይቀው ነገር ስለሌለ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። መጀመሪያ የሟቹን ገጽ በኮምፒውተሩ አየች። «አለርጂ፦ ኦቾሎኒ» ይላል። በቃ። የፔኒሲሊን ወሬም የለ።

«ስመዘግባቸው ፔኒሲሊን ብዬ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ» አለች መዝጋቢዋ።

«አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ» አሉ የሟች ባለቤት።

ነርሷ እጇ እንደታሰረ ቀረበች። «ጠዋት ኦቾሎኒም ያሳክከኛል ሲሉኝ ጨመርኩት። በኋላ ሐኪሙ መርፌ ሲያዝ ገጹን ደግሜ አየሁ። ፔኒሲሊን የሚል አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ውሸታም! ሰርዛው ነው!» ጮኸ የሟች ልጅ። የክሊኒኩን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። «አባቴን ገድላ ደግሞ ትምላለች! ዕድሜ ልኳን ትታሰር!»

«ነርሶች መሰረዝ ይችላሉ?» መርማሪዋ መዝጋቢዋን ጠየቀች።

«ኧረ አይችሉም! መጨመር ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ መዝገብ ክፍል ሰበሰበች። «እስቲ እኔን መዝግቢኝ። አለርጂዬ ፔኒሲሊን ነው።» መዝጋቢዋ ጻፈች። «አንቺ ደግሞ ኦቾሎኒ ጨምሪበት።» ነርሷ በታሰሩ እጆቿ ጨመረች። ሁለቱም ቃላት ጎን ለጎን ታዩ።

«ይኸው! ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው» አለ ልጁ።

«ዛሬማ ጤነኛ ነው። ታዲያ የአባትህ ገጽ ላይ ሁለቱ ለምን አልቆሙም? ስሙኝ፤ ፕሮግራሙ ‹አለርጂ› የሚለውን ቃል እንደ ቁልፍ ይዞ መልሱን ከሥሩ ያስቀምጣል። ትናንት አንድ ቁልፍ የሚይዘው አንድ መልስ ብቻ ነበር። አዲስ ሲገባ የፊተኛው ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ኦቾሎኒው ሲገባ ፔኒሲሊኑ ወጣ። ዛሬ ግን ሁለቱንም ይይዛል። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ የጠገነው ሰው አለ። ይህን ፕሮግራም ካንተ ሌላ ማን ይነካዋል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ልጁን ላብ አጠመቀው።

«ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው ያስተካከልኩት…»

«ማስተካከልህስ ደግ አደረግክ። ልጅቷን ለምን ወነጀልካት?»

«እማዬ…» አለ ወደ እናቱ ዞሮ።

እናትየው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አባትህን የገደልከው ሳታውቅ ነው፤ ለዚያ አብሬህ አለቅስ ነበር። ይችን የሰው ልጅ ግን እያወቅህ ልትቀብራት ነበር።»

ካቴናው ከነርሷ እጅ ተፈታ። አሮጊቷ ልጃቸውን አልፈው ክንዷን ያዙ።

«ነይ ልጄ» አሏት፤ «ቀብሩ ላይ ደግፊኝ።»