ከማሽኑ ኋላ የቀረ እጅ

ኪት ኦርምሮድ የሞተው ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ፣ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጦ ነው። ረቡዕ ጠዋት እህቱ ሞሪን ስታገኘው ጉንጩ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ነበር።

ከተማችን ሞርካም ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቲን ሃርበር ማለት ከዚህ ከባሕር ዳርቻችን ተነስተው ቴሌቪዥን ላይ የወጡ የሁለት ልጆች የሙዚቃ ቡድን ነው፤ ኪት የሙዚቃ ማሽኖቹን ይጫወታል፣ ኔቪል ዳክስበሪ ይዘፍናል። ከገና በፊት ኔቪል «ከእንግዲህ ብቻዬን ነኝ» ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ስለዚህ ኪት ሲሞት ከተማው ምርመራ አላስፈለገውም። ልቡ ተሰብሮ ራሱን አጠፋ ተባለ፤ አለቀ። ለፍርድ ማን ይቅደመን!

ኢንስፔክተር ዊኒ አስፒናል ግን መቸኮል አትወድም። ስቱዲዮው ከአንድ የተዘጋ የዓሣ መጋዘን ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ኪትን የገደለው የማሞቂያው ጋዝ ነው ብሏል ሐኪሙ። ይሁንና ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ነፋሱ እያፏጨ ይገባበታል። እንዲህ አየር በሚገባበት ክፍል ማሞቂያ ሰው አይገድልም። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ገመዱም ጋዜጣውም ኩባያውም እንደተዝረከረከ ነው። አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ወንበር ላይ በሥርዓት ታጥፏል። ስትዘረጋው መሃሉ በዝናብ ርሷል።

መጀመሪያ የጠየቀችው ማናጀራቸውን ሬይ ፔምበርተንን ነው።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበሩ?»

«ማንቸስተር፣ እራት ላይ። ጠረጴዛው ሙሉ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ኔቪልስ?»

«እዚያ መጋዘን ድርሽ እንዳይል አስምዬዋለሁ። አዲሱን ሥራችንን ሊያበላሽ የሚችለው የሱ ናፍቆት ብቻ ነበር።»

ኔቪል ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «ከገና ወዲህ አልረገጥኩትም። ግን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ጥዬው ባልሄድ ይኖር ነበር።»

ሞሪን ደግሞ ቁጣዋ ገና አልበረደም። «ኔቪልን ጠይቂው! እናቴን ግን ተዪልኝ፤ ሰው ማነጋገር አቅቷታል።»

«ብርድ ልብሱን ማን አጠፈው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችና፣ ዊኒ ወንበር ላይ የጣለችውን የአንገት ልብስ አንስታ ሳይታወቃት ጥርት አድርጋ አጠፈችው።

ዓርብ ዕለት ዊኒ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበችና መቅጃ ማሽኑ ላይ የተገኘውን ቴፕ ከፈተች። ማይኩ እንደተከፈተ የነፋስ ፉጨት ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ቀጥ አለ። ከዚያ የኔቪል ድምፅ ገባ።

«ሳምንቱን ሙሉ ነፋስ አልነበረም፤ የተነሳው ማክሰኞ ማታ ነው» አለች ዊኒ። «ስለዚህ ማክሰኞ እዚህ ነበርክ፣ ልጄ።»

ፔምበርተን ዞሮ አፈጠጠበት።

«ቀጥሎ ያለውን ስሙ። ኪት ብቻውን ነው።»

የከበሮው ማሽን አንድ ዓይነት ምቱን ይመታል። የኪት እጅ አብሮት ሄደ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ። ቆመ። ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁንም ቀረ።

«ኪት እኮ አይሳሳትም» አለ ፔምበርተን፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ጋዙ ነው። እሱ እንቅልፍ መስሎታል። ሊሞት የተቀመጠ ሰው ዜማውን ለማሳመር ደጋግሞ አይለፋም። ሞሪን፣ ቀዳዳው ውስጥ ብርድ ልብሱን ስታዪ ራሱ የዘጋው መስሎሽ አውጥተሽ አጠፍሽው። አይደል?»

ሞሪን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ለእናቴ ስል ነው። ራሱን አጠፋ ሲሏት እንዳትሰማ። አላጠፋም?»

«አላጠፋም፣ የኔ ልጅ።»

ሞሪን ማልቀስ ጀመረች። እፎይታና ሐዘን አንድ ላይ ሲመጡ እንዲህ ያደርጋሉ። ዊኒ ወደ ኔቪል ዞረች፤ ቀጣዩን መናገር አስጠልቷት ነበር።

«ነፋሱ ሲያስቸግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

ኔቪል ቀዳዳውን አየው። «ስዘፍን እኔ እወትፈዋለሁ። ስንጨርስ እሱ ያወጣዋል። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያወጣው።»

«ያን ማታ ለምን ረሳ?»

«እመለሳለሁ አልኩት። ከሬይ ጋር እጨርሳለሁ፣ እንደ ድሮው ሁለታችን እንሆናለን አልኩት። እንደ ሕፃን ዘለለ። ሲሞት ግን፣ አላመነኝም፣ ራሱን አጠፋ ብዬ ነበር…»

ዊኒ የያዘችውን ካቴና ከኪሷ አላወጣችም፤ የሚታሰር ወንጀለኛ አልነበረም።

«ለእናቴ ማን ይነግራታል?» አለች ሞሪን በመጨረሻ።

«እኔ» አለ ኔቪል።

ሞሪን የእናቷን በር አንኳኳችለት። ወይዘሮ ኤድና ከፈቱ። አዩትና እጁን ያዙት።

«ማክሰኞ ማታ ደውሎልኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ‹እማዬ፣ ኔቪል ተመለሰልኝ› አለኝ። ልጄን እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እግዜር ይስጥህ፣ ኔቪል። ደስ ብሎት ነው የሞተው።»

ኔቪል እጃቸውን ሳይለቅ፣ ቀዳዳውን ማን እንደወተፈው ሊነግራቸው አፉን ከፈተ።