ከግድግዳው የጠፋው ሱፍ

እውነት ነው። ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም... እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ "ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?" ነበር የምለው።

ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ስኮትላንድ፣ ሰሜኑ ጫፍ ላይ። ውጭ በረዶ ይጥላል።

ቤታችን ድሮ የመንደር ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪ ሲጠፋ ተዘጋ፤ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ደግሞ ወደ መኖሪያ ቤት ተቀየረ። እኔና ልጄ ኤይሊ የገባነው ባለፈው መስከረም ነው። አባቷ ባሕር ላይ፣ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ ነው የሚሠራው።

ኤይሊ ስድስት ዓመቷ ነው። ከገባን ጀምሮ ሳል አልለቃት አለ። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ "ይህ ደረት ሌላ ክረምት አይችልም" አለኝ።

ማሞቂያው ቀን ከሌት ይነድዳል። የእሷ ክፍል ግድግዳ ግን እጅ ያደነዝዛል። ሌላ ክፍል አስተኛታለሁ... ጠዋት እዚያው አልጋዋ ላይ አገኛታለሁ።

ክንዷም ቀልቶ ያሳክካት ነበር።

ቤቱን የቀየሩትን አናጢ፣ ሽማግሌውን ስትሩዋንን ጠራኋቸው። ግድግዳው ብርድ ያስገባል ስላቸው ገና ከበር ተቆጡ።

"ያንን ግድግዳ የብርድ መከላከያ ሱፍ የጠቀጠቅኩት በገዛ እጄ ነው! ብርድ አያስገባም!"

"ታዲያ ብርዱ በየት ገባ? በር አንኳኩቶ?"

እያጉረመረሙ ብሎኖቹን ፈትተው የጂፕሰሙን ሰሌዳ አነሱት።

እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

ባዶ። በእንጨቶቹ መሃል አንዲት ብጫቂ ሱፍ የለም።

"አይጥ ይሆን?"

"አይጥ ይቦጫጭቃል የኔ ልጅ... ይሄ በእጅ የወጣ ነው።"

"ማን ከፍቶት?"

"አልተከፈተም። ብሎኖቹ የኔው ናቸው። ቀለሙ እንኳ አልተነካም።"

ባትሪያቸውን እንጨቱ ላይ አበሩ። አናጢዎች ግድግዳ ከመዝጋታቸው በፊት ስማቸውን ውስጥ ይጽፋሉ። ስትሩዋን የሚል አለ። የሁለት ጓደኞቻቸውም ስም አለ።

ዝቅ ብሎ፣ ጉልበት ጋ... አራተኛ ስም። የልጅ ጽሑፍ ነው፤ የተንጋደደ።

ኤፊ።

"ማናት?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ሦስት ነበርን" አሉ። "ሦስት ብቻ።"

"እማዬ... ኤፊን አትቆጪያት።"

ዞር ስል ኤይሊ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሱፉን እሷ ናት የወሰደችው?"

"ለኔ ነው። ሲያስለኝ በረደሽ ትልና ትሰጠኛለች። ለራሷ ምንም አልቀራትም፤ እሷንም ይበርዳታል።"

"የት ነው የምታደርገው?"

በጣቷ አልጋዋን አሳየችኝ።

አንሶላውን ገፈፍኩት። የፍራሹ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ውስጡ ቢጫ ሱፍ... ተጣጥፎ፣ ተደራርቦ፣ እናት ለልጇ እንዳነጠፈችው ሁሉ።

ስትሩዋን ክንዴን ጨበጡኝ።

"አትንኪው! የመስታወት ሱፍ ነው። ቆዳ ይበላል፤ ብናኙ ደረት ይገባል።"

ያኔ ገባኝ። ልጄ የምታስለው ከዚህ ነው። በሳለች ቁጥር ይጨመርላታል... በተጨመረላት ቁጥር ይብስባታል።

ፍራሹን ጎትተን በረዶው ላይ ጣልነው። ስትሩዋን ከመኪናቸው አዲስ ሱፍ አምጥተው ግድግዳውን ሞሉት። ሊዘጉት ሲሉ "ቆይ" አልኳቸው።

ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ፈርቼ ነበር። ኤፊም አንጀቴን በልታው ነበር።

ወፍራሙን የበግ ፀጉር ብርድ ልብሴን አጥፌ ስሟ አጠገብ አስገባሁት።

"ይሄ ያንቺ ነው" አልኳት። "ለማንም አትስጪ። ልጄን ለእኔ ተዪልኝ።"

ስትሩዋን አልሳቁም። ጂፕሰሙን መልሰው ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቁና መኪና ሊያሞቁ ወጡ። እህቴ ጋ ሊያደርሱን ነው።

ኤይሊን አቅፌ ካፖርቷን መቆለፍ ጀመርኩ።

ሳለች።

በሁለቱ ሰሌዳዎች መጋጠሚያ፣ ጥፍር በማያስገባው ስንጥቅ... የብርድ ልብሱ ዘርፍ ብቅ አለ።

ደግማ ሳለች።

አንድ ስንዝር ወጣ።

"እማዬ፣ እየሰጠችኝ ነው..."

አፏን በመዳፌ ያዝኩት። "እባክሽ የኔ ልጅ... ዋጪው... እንዳታስዪ..."

ዘርፉ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ... ቀጭን፣ ደረቅ፣ የልጅ ሳል ተሰማ።