በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው

«አልፈርምም!»

ልጅቱ ይህን ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። አባቷ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሐኪም ለጥገና የሰጠው የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ከግራና ከቀኙ እስከ ሰው ደረት የሚደርሱ ሁለት አሮጌ ስፒከሮች ቆመዋል። የፖሊስ አዛዡ ወረቀቱን ገፋ አደረገላት።

«ስሚ እህቴ፣ ማንም ገደልሽው አላለሽም። ትናንት የኤሌክትሪክ ገመዱን የቀየርሽው አንቺ ነሽ። ኤሌክትሪኩ ያዘው፣ ወረወረው፣ ጭንቅላቱን መታው፣ አለቀ። ቸልተኝነት ነው። ብትፈርሚ ቅጣቱ ይቀልልሻል።»

«ገመዱን እኔ ፈትሼዋለሁ፤ አባቴም ፈትሾታል። ብታስሩኝ እሰሩኝ! በገዛ እጄ ስሜን አልቀብርም።»

እውነቷን ነው። እስር መውጫ ቀን አለው። የሠራችው ሥራ ሰው ገደለ የተባለች ጠጋኝ ግን ዳግመኛ ካቻቢቴ የሚያስጨብጣት የለም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ሙያዋ እዚሁ ክፍል ውስጥ ሊያበቃ ነው። አዛዡ ይህ የገባው አይመስልም፤ ቢገባውም የምሳ ሰዓቱ አልፎ ነበርና አይገደውም።

ዘግይታ የደረሰችው መርማሪዋ ናት። ጡረታ ልትወጣ ስድስት ወር የቀራት፣ ግራ ጆሮዋ የማይሰማ፣ ሰው ሲያወራ ቀኝ ጉንጯን የምትሰጥ ሴት ናት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ «የድምፅ ቤት ለማየት ደንቆሮ ላኩ» ብሎ አጉተመተመ። አለመታደል ሆኖ የቆመው በቀኟ በኩል ነበር።

«ደንቆሮዋ ሰምታለች፤ አንተ ግን ዓይንም ጆሮም የለህም። ታች ውረድና ከሥር ባለው ሱቅ ያየሁትን ልብስ ሰፊ ጥራልኝ» አለችው። ከዚያ ወደ አዛዡ ዞረች። «ይሄን ወረቀት ለጊዜው እጠፈው።»

«ነገሩ እኮ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ከሆነ አንድ ሰዓት ብትጠብቅ አይደበዝዝም።»

አምፕሊፋየሩን ዞራ ከኋላው አየችው። ለስፒከር ሽቦ ማሰሪያ የሚሆኑ ብሎኖች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት የሚል ቁጥር አለ። ሽቦዎቹ አሥራ ስድስቱ ላይ ታስረዋል። ጎንበስ ብላ የስፒከሮቹን ጀርባ አየች፤ እነሱም ላይ በፋብሪካ ማኅተም አሥራ ስድስት ተብሎ ተጽፏል።

«ቁጥሩ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ኦም ነው። ስፒከሩ ለአምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ሸክም ማለት ነው። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ምንም ዕቃ ቢሆን ድምፁ ይበላሻል።» ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቀረብ አለች። ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ! ይሄን እዚህ ማን አሰረው?»

«አሥራ ስድስት ከአሥራ ስድስት አይደል እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

ልጅቱ አዛዡን በጎን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ያለችውን የሰማው የመርማሪዋ ደህና ጆሮ ብቻ ነው። መርማሪዋም የልጅቱን የኦም መለኪያ አስመጥታ ስፒከሮቹን አስለካች፤ መርፌው የቆመበትን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ የሽቦዎቹን ጫፎች ቆርጣ ፖስታ ውስጥ ከተተች። ከጠረጴዛው አጠገብ ባለው መደርደሪያ ሥር በእጇ ስትዳብስም የብየዳ ስታኞ የነካቸው፣ ተጎትተው የተበጠሱ ሌሎች የሽቦ ጫፎች አገኘች። እነሱንም ከተተች።

ልብስ ሰፊው መርፌ ኮቱ ላይ እንደሰካ መጣ። ሱቁ ከዚሁ ክፍል ሥር ነው።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰማህ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ሸክላ ከፈተ፤ እንደ ልማዱ። ወዲያው ቀጥ አለ። ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ዕቃ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አዬ፣ ምነው ያኔ ብወጣ! ትንሽ ቆይቶ ዘፈኑ እንደገና ተነሣ። ግን እሱ አይደለም የከፈተው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«እመቤቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከእግሩ ሥር ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሱ ዘፈን ጥርት ያለ ነው፤ መስኮቴን ነክቶት አያውቅም። የዛሬው ግን ዱብ ዱብ የሚል፣ የተድበሰበሰ፣ መስኮት የሚያርገፈግፍ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ይቺ ልጅ ከመለዋወጫ ሱቅ መጥታ ስትጮህ እንኳ ከዘፈኑ ጋር እየታገለች ነው የሰማኋት።»

ሐኪሙ የአምፕሊፋየሩ ባለቤት ነው። በአምስት ሰዓት ቀጠሮው መጥቶ ሬሳ ላይ የደረሰ ሰው፣ ገና ጓንቱን አላወለቀም።

«ሽማግሌው ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ‹ይምጡና ይስሙ፤ አንድ የምሥራችና አንድ መርዶ አለኝ። የምሥራቹ የልጄ ነው፤ መርዶው የእርስዎ› አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«አሟሟቱስ?»

«ጭንቅላቱን ነው የተመታው። የኤሌክትሪክ ምልክት አላየሁበትም።» ሐኪሙ ወደ አንሶላው አየ። «ወዲያው አልሞተም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቃስት አልቀረም። ሰው ቢጠራለት ይተርፍ ነበር።»

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ቀረች። መርማሪዋ አላባበለቻትም፤ የምታባብልበት ጊዜ አልነበረም። የአምፕሊፋየሩን ሆድ በባትሪ እያበራች ጠራቻት።

«እዚህ ትራንስፎርመር ላይ አባትሽ በጠመኔ ክብ አድርጎበታል። ለምን?»

ልጅቱ አጎንብሳ አየች። ብሎኖቹ አዲስ ተፈትተው የታሰሩ ናቸው፤ አሮጌው ቀለም ተፋፍቋል። «ይሄ የፋብሪካው አይደለም። ኮፒ ነው። እኔ ትናንት ገመዱን ስቀይር ክዳኑን አልከፈትኩትም፤ አባቴ ግን ከፍቶት ኖሯል።»

«አርባ ዓመት ሰው ያልነካው ተብዬ ነው የገዛሁት!» አለ ሐኪሙ።

«ከማን?»

ከማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገም፤ የሸጠለት ነጋዴ ራሱ እያለቀሰ ገባ። አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ ሲሸጥ ሃያ ዓመት የሟቹ ሸሪክ ነበር። አንሶላው ላይ ሊወድቅ ሲል መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው።

«ይበርቱ። ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጡት መቼ ነው?»

«ሰኞ። ይኸው ዛሬ ሐሙስ አይደል? ከሰኞ ወዲህ ይሄን ደጃፍ አልረገጥኩም። ምነው በረገጥኩ!» ወደ ልጅቱ አየና ድምፁን አለሰለሰ። «እሷ ልጄ ማለት ናት። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እጇ ገና ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ አልሰማ አለኝ እንጂ።»

«ጋሼ፣ እጄ ምን አደረገዎት?» አለች ልጅቱ። ነጋዴው ፊቱን ወደ አንሶላው አዞረ። አይ ሰው! በእጁ ያሳደጋትን ልጅ በምላሱ ሲቀብራት ትንሽ እንኳ አልዘገነነውም።

መርማሪዋ አንድ ክንድ ያህል አዲስ ሽቦ እየቆራረጠች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ አምስቱንም በአምፕሊፋየሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ውለታ ዋሉልኝ። ተራ በተራ ይሄን ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙልኝ።»

«ይሄ ቀልድ ነው እንዴ?» አለ አዛዡ።

«ቀልድ ከሆነ ትስቃለህ።»

ልብስ ሰፊው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «እኔ ኤሌክትሪክ የማውቀው በመብራት ክፍያ ነው።» ሐኪሙ ሞከረ፤ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ብሎን ላይ ሊያስር ሲል ሁሉም ባንድ አፍ ከለከሉት። ነጋዴው ግን ገና ሳይጠሩት እጅጌውን ሰበሰበ። የስፒከሩን ጀርባ አንዴ አየት አደረገ፣ የሽቦውን ልጣጭ በጥርሱ ገፈፈ፣ ጫፉን ወደ ኋላ አጥፎ ደርቦ ጠመዘዘ፣ አሥራ ስድስቱ ላይ አሰረው። ዓይን እስኪርገበገብ አልቆየም።

«ይኸው። ሙያ ማለት ይሄ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አንቺስ ልጄ?»

ልጅቱ ፈታችው። የሽቦውን ጫፍ ስታኞ ቀባች፤ አራቱ ላይ አሰረችው።

ነጋዴው ሳቀ። «አላልኳችሁም? አሥራ ስድስት ተብሎ ተጽፎ እያየች!»

«ተጽፏል» አለች መርማሪዋ። «ግን ውሸት ነው። የስፒከሮቹ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሎ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ይቺ ልጅ በወፍራም ሽቦ እንደገና ጠቀለለችው፤ አሁን አራት ኦም ነው። ለክቼዋለሁ። አባቷ ‹መጀመሪያ ድምፁን ሰምተው ያድንቁ፣ ከዚያ የማን እጅ እንደሆነ እንነግራቸዋለን› ብሎ ደብቆት ነበር። የምሥራቹ ይሄ ነው። የሚያውቁት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው።»

ነጋዴው ሳቁን ፊቱ ላይ እንደተወው ቀረ።

«ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው ስለ ትራንስፎርመሩ ጠራዎት። ‹አንተ ራስህ ንገረው፤ ካልነገርከው በአምስት ሰዓት እኔ እነግረዋለሁ› ሳይልዎት አልቀረም። መርዶው እሱ ነው። አምፕሊፋየሩን ከመደርደሪያው ይዘው ሊወጡ ሲጎትቱ እሱ ከለከለዎት፤ ልጅቱ ስታኞ ቀብታ ያሰረቻቸው ሽቦዎች ያኔ ተበጠሱ። ጫፋቸውን መደርደሪያ ሥር አግኝቻለሁ። ገፉት፣ ወደቀ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ያስመስልልኛል ብለው ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አወጡ፣ ሽቦውን እንደገና አሰሩ፣ ሸክላ ከፈቱ። ጉድ ያደረገዎት ሙያዎ ነው። ይሄን ስፒከር ዘመንዎን ሁሉ ያሰሩት አሥራ ስድስት ላይ ነው፤ ዛሬም እዚያው አሰሩት። ሐኪሙ ማሰር አይችልም። ልጅቱ አራት ላይ ታስር ነበር።»

«ማ... ማንም አንብቦ ሊያስር ይችላል!»

መርማሪዋ ፖስታውን ገልብጣ የቀድሞዎቹን የሽቦ ጫፎች አሁን እሱ ካሰረው አጠገብ አስቀመጠች። እነሱም ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ተደርበው፣ በዚያው አቅጣጫ ተጠምዝዘዋል። ልጣጫቸው ላይ የጥርስ ምልክት አለ። አመል ያወጣል ከመሃል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!» አለ ነጋዴው። «ሊያዋርደኝ ነበር! በአንድ ቀን ስሜን ሊያጠፋው ነበር!»

«የሚያቃስት ሰው ላይ ዘፈን ከፍተው ወጡ» አለች ልጅቱ። «ልብስ ሰፊው እንዳይሰማ። ቁጭ ብለው ሽቦ ሲያስሩ እያየዎት ነበር፤ አይደል? አሥራ ስድስቱ ላይ ሲያስሩ አይቶ ይሆናል። እየሞተም ‹ተሳስተሃል› ሳይል አይቀርም፤ አባቴን አውቀዋለሁ።»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ እጁን ይዞ አወጣው። ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀና ለልጅቱ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። «ትራንስፎርመሩን እንደ ስፒከሩ በእጅሽ ትጠቀልዪልኛለሽ?» አላት።

«እጠቀልላለሁ። ግን የፋብሪካ ነው ብዬ አልሰጥዎትም። የኔ ነው።»

«የምፈልገውም እሱን ነው።»

አዛዡ ኮፍያውን አነሣ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ይቅርታ የምትለው ቃል ግን አልወጣለት አለች። «እንግዲህ ጉዳዩ ተዘግቷል። ነፃ ነሽ፣ መሄድ ትችያለሽ» አላት።

«የት ነው የምሄደው? ቤቴ ነው። እናንተ ውጡ» አለችው።