ሱፒሪየር ዳር የተሠራው ዶሮ ወጥ

ሐሙስ ዕለት ያለምወርቅ ከሥራ ወጥታ ባስ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ። አበራሽ ናት፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ።

«ያለሜ፣ ልጄን ሊበሉት ነው! ነገ ጠዋት ጠበቃ ይዘህ ና አሉት'ኮ!»

«መጣሁ አበሩ። ባሱ ከመጣልኝ።»

ባሱ ደግሞ ሲፈልጉት መቼ መጥቶ ያውቃል! ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመች። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ የነበረች ሴት፣ ቶሮንቶ ላይ ኮንዶ ጠባቂ ሆና የሰው ፓርሰል ስትቀበል መዋሏ ሳያንስ፣ ይሄ የአበራሽ ልጅ ጉዳይ ሦስት ቀን ሙሉ አልፈታ ብሏት ጥርሷን እያፋጨች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ሰኞ በዓል በሆነበት ሎንግ ዊክኤንድ አራት ሰዎች ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ኮቴጅ የሚሉትን የእረፍት ቤት ተከራዩ። ዳርቻው ቋጥኝና ጥድ ብቻ ነው፤ ስልክ አይሠራም፣ ጎረቤት የለም። ምግብህን ጭነህ ትሄዳለህ፣ ራስህ ታበስላለህ፣ ቀን ካያክ የምትባለዋን ታንኳ ትቀዝፋለህ ወይ ተራራ ትወጣለህ። የሄዱት ጉዞውን ያዘጋጀው መንግሥቱ፣ የልብ ጓደኛው ባልቻ፣ የባልቻ እጮኛ ሩሃማና የአበራሽ ልጅ ጸጋአብ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት መንግሥቱ ብቻውን ካያክ ይዞ ወጣ። ከሰዓት ከኮቴጁ በታች ካለው ቋጥኝ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ውሃ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ሰው ነው የገደለው ብሎ ዓይኑን የጣለው ጸጋአብ ላይ ነው።

መንግሥቱ እዚህ አገር ዘመድ ስለሌለው ለቅሶው የተቀመጠው ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር፣ አበራሽ አፓርትመንት ነው። ያለምወርቅ ስትደርስ ጸጋአብ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አፍጥጧል።

«እንደገና ንገረኝ» አለችው።

«እትዬ ያለም፣ አምስት ጊዜ ነገርኩዎት'ኮ!»

«ስድስተኛ።»

«ካያኩ ዛሬ ተራዬ ነው ብዬ ከመንግሥቱ ጋር ተጨቃጨቅን። ይዞት ሄደ። እኔና ሩሃማ ተራራ ልንወጣ ጀመርን፤ ጉልበቴን ሲያመኝ እሷ ቀጠለች፣ እኔ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ማንም አላየኝም። በቃ!»

«ወደ ቤት አትገባም ነበር?»

«ባልቻ አባሮን! ‹ፍልሰታ ሳትገባ ዶሮ ወጥ ላብላችሁ፤ ግን ሽንኩርት ስቆላ አጠገቤ ሰው አልወድም፣ እስከ ስምንት ሰዓት ድርሽ እንዳትሉ› አለን።»

«ለፖሊሱስ ስለ ባልቻ ምን አልከው?»

«እውነቱን ነዋ! ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ከምድጃ ንቅንቅ አይልም፣ ሽንኩርቱ ያርርበታል አልኩት። ሩሃማም ይሄንኑ ነው ያለችው።»

ያለምወርቅም ይሄንኑ አምና ነው ባልቻን ሳትነካ ያለፈችው።

ሩሃማን በረንዳ ላይ አገኘቻት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ መስከረም ላይ ሠርጓ ነው።

«ሩሂዬ፣ መንግሥቱ ከመሞቱ በፊት ምን አጫወተሽ?»

«ናቲንግ። መኪና ውስጥ ብቻ… ‹ባልቻ ሰኞ የሚነግርሽ ነገር አለ› አለኝ። ለዌዲንጉ ሰርፕራይዝ መስሎኝ።»

«ነገረሽ?»

«ኖ። ሰው ሞቶ ማን ያስታውሳል?»

ባልቻ ሳሎን ውስጥ እንደ ሟች ወንድም ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ለለቀስተኛው ውሃ ያድላል፣ አበራሽን ትራስ ያስደግፋል።

«ኢንስፔክተር፣ ምን ልታዘዝ?»

«ስንት ሽንኩርት ፈጀህ ቅዳሜ?»

«አሥራ አምስት። ዓይኔ ሊጠፋ ነበር'ኮ!»

«ለትንሽ እንኳ አልወጣህም?»

«ቁሌት ጥሎ ይወጣል እንዴ? እርስዎም ያውቁታል።»

ታውቀዋለች። የሚያናድዳትም እሱ ነው። አየር ልትወስድ ስትወርድ ጸጋአብ ተከተላት፤ ለነገ የሚለብሳት ጃኬት መኪናው ውስጥ ናት። የኋላ ኮፈኑን ሲከፍተው ሁለቱም አፍንጫቸውን ያዙ።

«ምን ሞቶ ነው?»

«ጋርቤጁ ነው፣ ይቅርታ። ድብ ይመጣል ብለው ባለቤቶቹ የተጠቀማችሁበትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ትዝም አላለኝ።»

«ሁሉንም?»

«ጥፍር ቢቆርጡ እንኳ። እኔው ነኝ ጠቅልዬ የጫንኩት።»

ያለምወርቅ ካርቶን አነጠፈችና ከረጢቱን ዘረገፈችው። ዝንቡ! ከላይ ፎቅ አንድ ሽማግሌ «ኤይ ሌዲ!» እያለ ጮኸባት። «ሰውዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» ብላ በአማርኛ መለሰችለትና በእንጨት መፈለግ ቀጠለች። የዶሮ ቆዳ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቢራ ጣሳ፣ ውስጡ በበርበሬ ዘይት የቀላ ትልቅ የእርጎ ዕቃ። ሁለተኛ ገለባበጠችው። ሦስተኛ። ከዚያ ተረከዟ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጅ» አለችው፣ «ጃኬትህን ተዋት። ወደ ላይ።»

ለቀስተኛው እስኪወጣ ጠብቃ አበራሽን፣ ጸጋአብን፣ ሩሃማንና ባልቻን ሳሎን አስቀመጠቻቸው፤ የእርጎ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ፖሊሱ ባልቻን የተወው በእናንተ ምክንያት ነው» ብላ ጀመረች። «ሐበሻ ሁሉ ተባብሮ ‹ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ምድጃ አይለቅም› ብሎ ማለለት። ፈረንጁ ምን ያውቃል? አመነ። እኔም የማውቀው ሴትዮ አመንኩ፤ ያንገበግበኛል! አሁን ስሙ። የኮቴጁ ቆሻሻ በሙሉ ጸጋአብ መኪና ውስጥ ነው። የእንቁላሉ ቅርፊት አለ፣ የዶሮው ቆዳ አለ። የአሥራ አምስት ሽንኩርት ልጣጭ የት ሄደ?»

ባልቻ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ልጬው ነው ከቶሮንቶ የወሰድኩት።»

«መልካም። ጥሬ ሽንኩርት ዕቃ ያቀላል? ይሄ ዕቃ እስከ አፉ በርበሬና ዘይት ነው። በስሎ ያለቀ ቁሌት ይዘህ ሄደሃል። በተዘጋጀ ቁሌት ዶሮ ወጥ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። እስከ ስምንት ሰዓት ሰው አባረህ የቀረውን ጊዜ የት ዋልክ?»

«ይሄ ሰው መግደል ሆነ?»

«አልሆነም። መዋሸት ግን ሆነ። ሩሂዬ፣ ቅዳሜ ፖሊሶቹ እስኪመጡ የባልቻን እጅ ይዘሽ ነበር አይደል?»

«ፊቴ ላይ አድርጌው ነው ያለቀስኩት።»

«ምን ሸተተሽ?»

እናቷ በዓል በመጣ ቁጥር እጇን በሎሚ ስታሽ ውላ ሁለት ቀን የማይለቃትን ያን የሽንኩርት ሽታ ሩሃማም ታውቀዋለች።

«ሳሙና» አለች ቀስ ብላ። «ጀስት ሳሙና። ባልቻ… ሰኞ የምትነግረኝ ምን ነበር?»

ይሄ ጥያቄ ነው ባልቻን የሰበረው። ያለምወርቅን ሊከራከር የተዘጋጀው ሰው ወደ ሩሃማ ዞረ።

«አገር ቤት ሚስት አለችኝ» አለ። «አልተፋታንም። መንግሥቱ ሰማ። እስከ ሰኞ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ብቻችንን ልለምነው ብዬ ነው… ቋጥኙ ጋ ና አልኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ'ኮ! ‹ተነስ፣ አታሳፍረኝ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት። ድንጋዩ መታው። ዘልዬ ላወጣው… አልዘለልኩም።»

«ጸጋአብስ?» አለች ያለምወርቅ። «አምስት ቀን ሙሉ እናቱን ውሃ ስታጠጣ ምን ይሰማህ ነበር?»

«ማስረጃ ስለሌለ ይለቁታል ብዬ…»

«የመኖሪያ ወረቀቱ ገና በፕሮሰስ ላይ ያለ ልጅ? ይለቁታል?» ስልኳንና የፖሊሱን ካርድ ፊቱ ወረወረችለት። «ደውል። ለኔ የነገርከኝን በራስህ አፍ ንገረው።»

ባልቻ ደወለ። እንግሊዝኛው ሁለት ጊዜ ተሰናከለበት፤ ስሙን ፊደል በፊደል ተናገረ። ጸጋአብ ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

አበራሽ ተነሳች። ያለምወርቅ ልጇን ልታቅፍ መስሏት መንገድ ለቀቀችላት። አበራሽ ግን በልጇ በኩል አልፋ፣ ደርቃ የተቀመጠችውን ሩሃማን ራስ ደረቷ ላይ አስደገፈች።

«የኔስ ተረፈልኝ» አለች። «አንቺ አልቅሺ፣ ልጄ።»