የእትዬ ብርሀንነሽ ሜኑ

«ይቺ ናት?» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፣ የማውሱን ቀስት ስክሪኑ ላይ እያንቀጠቀጡ።

«አይደለችም እትዬ፤ አጠገቧ ያለችው።»

«ይቺ?»

«ኧረ እሷን አይንኩ!»

ተነካች። ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ተዘጋ። እትዬ ብርሀንነሽ እንደሚያቃጥል ነገር ማውሱን ለቀቁና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ አርዋ ሳቋ ቢያመልጣት አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። የሴትዮዋን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ሐሙስ ደግሞ ዳይሬክተሩ አቶ ይርዳው ይመጣሉ።

ያ ዓመት የቢፒአር፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አሠራሩን የሚለውጥበትና ሠራተኛው እንደ አዲስ የሚመደብበት ዓመት ነው። በመካነ ሰላም ከተማ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ድረስ ሰው ሁሉ «አንተስ የት ተመደብክ?» ሲባባል ይውላል። አቶ ይርዳውም የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ እትዬ ብርሀንነሽን ጠርተው፣ ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት መጽሐፍ በኮምፒውተር ሲያውሱና ሲቀበሉ እንደሚያዩአቸው ነግረዋቸዋል። ካልሆነላቸው ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሳቸውም ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራሉ። ንብረት ክፍል ማለት የተሰበረ ዴስክና የዛገ ቆርቆሮ የሚጠበቅበት መጋዘን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከልጆችና ከመጻሕፍት ጋር ለኖረች ሴት ይሄ ምን ሥራ ነው፣ ቅጣት ነው እንጂ!

ኮምፒውተሩ ጅዳና ሪያድ ያሉ የከተማው ልጆች አዋጥተው ከላኳቸው ስድስት አንዱ ነው። የመጽሐፍ ማዋሻውን ፕሮግራም የጻፉት የኮምፒውተር አስተማሪው ቲቸር በላይ ናቸው። ሜኑውንና ከላይ የሚደረደረውን የበተኖች፣ በማውስ የሚነኩ ትንንሽ ሥዕሎች ረድፍ፣ ማለትም ቱልባሩን፣ ግን ለኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ተዉላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ስለ ሜኑው ራሱ ምንም አያውቅም። ሲከፈት ኤክስኤምኤል የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ያነባል። እዚያ ውስጥ እያንዳንዷ መስመር አንዲት በተን ናት፤ ምን ተብላ እንደምትጠራ፣ የትኛው ሥዕል እንደሚለጠፍባት፣ ስትነካ የትኛውን ሥራ እንደምትሠራ ተጽፎባታል። መስመር ከተጨመረ በተን ይጨመራል፤ መስመር ከተሰረዘ በተኗ የለችም። ዋናውን ፕሮግራም የሚነካው የለም። አርዋ ይህ የገባት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። አስቡት፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ኖትፓድ ከሚባለው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ሌላ ምንም ሳትይዝ፣ አንድ መስመር በጻፈች ቁጥር ስክሪኑ ላይ ነገር ሲበቅልላት!

ታዲያ አበቀለቻ። ሃያ አራት በተን! «ፋይል»፣ «ኤዲት»፣ «ቪው»፣ «ቱልስ»... በትልልቅ ፕሮግራሞች ላይ ያየችውን አንድም ሳታስቀር ደረደረችው። የክፍል ጓደኛዋ ሱፍያን ደግሞ ለሃያ አራቱም ጥፍር የምታህል ሥዕል በኮምፒውተር ሲስል ሁለት ወር ፈጀ። ቲቸር በላይ ሲያዩት «ወይ ጉድ! የአዲስ አበባ ባንክ አስመሰላችሁት እኮ!» አሏቸው። አርዋ ይህን ንግግር ጅዳ ላለችው እህቷ በስልክ ሁለት ጊዜ ነግራታለች።

«ስሚኝማ ልጄ» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐሙስ ቀኝ እጄን በፋሻ ጠምጥሜ እመጣለሁ። በር ጨፈለቀኝ እላለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ትዪና ትነካኪልኛለሽ። ማን ያውቃል?»

አርዋ ትንሽ አቅማማች። እትዬ ብርሀንነሽን ትወዳቸዋለች፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ያልተፈቀደላትን መጽሐፍ በጉያዋ አስይዘው የሰደዷት እሳቸው ናቸው። ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ በፋሻው መላ ቱልባሯ ሳይነካ ይቀራል።

«እሺ እትዬ» አለች።

ማክሰኞ ለሱፍያን ስትነግረው በሳቅ ፈረሰ። «አቦ አሪፍ መላ ነው! ሴትዮዋ ነቄ ናት ለካ!»

አርዋ ግን አልሳቀችም። በዕረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ብርሀንነሽ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍነው፣ በዚያ ዳር ዳሩ ባለቀ መዝገባቸው እየሠሩ ነው። አንድ ቀጭን ልጅ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሊመልስ መጣ።

«መሐመድ ዓሊ ነኝ» አለ።

«ከየት ነህ?»

«ከከላላ።»

መዝገቡ ገለጥ ሲል ስሙ ተገኘ። ልጁ እግሩ ገና ከበሩ ሳይወጣ ሌላዋ ተተካች፤ እሷም ቀድማ የተጠየቀችው ከየት እንደሆነች ነው፤ ከአጅባር ናት። አርዋ ተነስታ መዝገቡን አጎንብሳ አየችው። በየገጹ ራስ ላይ ከላላ፣ ወረኢሉ፣ አጅባር እየተባለ ተጽፏል።

«እትዬ፣ በፊደል ተራ አይደለም እንዴ የሚጽፉት?»

«ፊደል ምን ያደርግልኛል? መሐመድ ዓሊ የሚባል አሥራ አንድ ልጅ አለኝ። የከላላው ግን አንድ ነው። መጽሐፍ ቢያዘገይ አብረውት ቤት ተከራይተው ለሚኖሩት ለከላላ ልጆች እነግራለሁ፤ በማግስቱ መጽሐፉ ከች ይላል።»

አርዋ ፊቷ ጋለ። በአገር ስም መፈለግ ፕሮግራሙ ላይ አለ። ቲቸር በላይ ሠርተውታል። እሷ ናት «ማን ይፈልገዋል» ብላ «ቱልስ» ውስጥ፣ ከዚያ «ተጨማሪ» ውስጥ፣ ከዚያም «ማጣሪያ» ውስጥ ከታች የቀበረችው። ሴትዮዋ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠይቁትን ጥያቄ! ሐሙስስ በፋሻ ያልፋል እንበል። ዓርብስ? ስንት ሳምንት እጅ ታስሮ ይኖራል?

ረቡዕ ከሰዓት በኮምፒውተር ክፍሉ ሱፍያንን አገኘችው።

«ሃያውን ልሰርዛቸው ነው» አለችው።

«ቀለድሽ።»

«ወላሂ።»

«ሥዕሎቼንስ? ሁለት ወር አርዋ! ዓይኔ እስኪጠፋ!»

«የኔም መስመሮች አብረው ነው የሚሄዱት እኮ።»

«ቀስ ብላ ትለምደዋለች። ሌላው ሰው ለምዶ የለም?»

«እስከ ነገ?»

ሱፍያን ደብተሩን ብድግ አድርጎ ወጣ። ከፍቷታል፤ ከእሱ ጋር ተጣልታ አታውቅም። ቢሆንም ፋይሉን በኖትፓድ ከፈተች። «ኤዲት» ሄደ። «ቪው» ሄደ። እንዴት ያሳሳል፣ የለፉበትን ነገር በገዛ እጅ ማጥፋት! የተቀበረውን መስመር ከጥልቁ አውጥታ ፊት ለፊት አስቀመጠችው፤ ስሙንም ቀየረችው። አራት ብቻ ቀሩ፤ «አውስ»፣ «ተቀበል»፣ «ከየት ነህ?»፣ «ጨርሻለሁ»። ፕሮግራሙን ስትከፍተው ግን ሜኑ የሚባል ነገር የለም፣ ባዶ! መስመሮቹን አንድ በአንድ ፈትሻ፣ በጥድፊያ ስትሰርዝ አብሮ የጠፋውን የመዝጊያ ምልክት መለሰችና ዳግም ከፈተችው። አልሐምዱሊላህ፣ አራቱም ብቅ አሉ።

ከኋላዋ ወንበር ተንቋቋ። ሱፍያን ተመልሶ መጥቶ ስክሪኑን እያየ ነበር።

«እንዲህማ እንደ ቁንጫ ነው የሚታዩት» አለ፣ ኩርፊያው ገና ሳይለቀው። «ዞር በይ፤ አራቱን ትልልቅ አድርጌ ልሳላቸው።»

ሥዕሎቹን አስገብተው፣ ሁሉን በፍላሽ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ከመገልበጣቸው መብራት ሄደ። እትዬ ብርሀንነሽን እንኳን ሊያሳዩአቸው አልቻሉም። መብራቱ እስከ ማታም አልመጣም።

ሐሙስ ጠዋት መብራቱ ነበር፤ እትዬ ብርሀንነሽም እንደ ቃላቸው ነበሩ። ቀኝ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል። ለአርዋ ወንበር ስበው ጠበቋት።

«ይፍቱት እትዬ» አለች አርዋ።

«ምኑን?»

«ፋሻውን። እኔ አጠገብዎ አልቀመጥም።»

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ከዳሽኝ? በዛሬ ቀን?»

«ኧረ በአላህ፣ አልከዳሁዎትም! አንዴ ብቻ ይዩት። ጠልተውት ከሆነ እቀመጣለሁ።»

እትዬ ብርሀንነሽ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «አውስ... ተቀበል... ከየት ነህ?» ብለው አነበቡ። ከዚያ «ይሄማ የኔው አፍ ነው!» አሉና ሳቁ።

የዳይሬክተሩ ጫማ በረንዳው ላይ ሲሰማ፣ ፋሻው በፍጥነት ተተርትሮ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

አቶ ይርዳው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። በአጋጣሚ መጀመሪያ የመጣው ያ ቀጭኑ መሐመድ ዓሊ ነበር። እትዬ ብርሀንነሽ ልጁን አዩት፣ «ከየት ነህ?» አሉ፣ ያንኑ ስም የያዘችውን በተን ነኩ፣ በአንድ ጣት ከላላ ብለው ጻፉ። ዘገዩ፤ ፊደል ጠፋባቸው፤ አርዋ ከሱፍያን ጋር ጥግ ላይ ቆማ ጥፍሯን በላችው። ስሙ ግን መጣ፤ አንድ ብቻውን። መጽሐፉን አዋሱት። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ፈጠን አሉ። በአምስተኛው ላይ ዳይሬክተሩን ጭራሽ ረስተዋቸው ልጁን «የልብስህ ቁልፍ የት ሄደ?» እያሉ ይቆጡ ነበር።

«ይሄው ነው በቃ?» አሉ አቶ ይርዳው። «ቲቸር በላይ ሃያ ምናምን በተን አለው ብለውኝ ነበር።»

አርዋ አንገቷን ደፋች። ሱፍያንም ጫማውን ያይ ጀመር።

«ለኔ ይበቃኛል ጌታዬ» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

ዳይሬክተሩ ሰልፉን አዩ፤ ሰልፉ ይሄዳል። «መልካም። ይቀጥሉ እንግዲህ ወይዘሮ ብርሀንነሽ» ብለው ወጡ።

ያኔ አርዋ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ሱፍያን በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ መልሳ ጎሸመችው።

ደወል ተደውሎ ቤቱ ባዶ ሲሆን እትዬ ብርሀንነሽ ጠሯት። «አርዋዬ፣ አላህ ያሳድግሽ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ያዘገዩትን ልጆች በየአገራቸው የሚያወጣልኝ በተን እፈልጋለሁ።»

«ቀላል ነው፤ ሥራው ፕሮግራሙ ላይ አለ። አንድ መስመር ነው» አለች አርዋ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ኖትፓድ ከፈተች፣ አራቱ መስመሮች ብቅ አሉ። ጣቷ ኪቦርዱ ላይ አረፈ። በግማሽ ደቂቃ ታልቃለች። ነገ ደግሞ ሌላ ይፈልጋሉ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ፤ እሷ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ ትምህርት ቤት ትወጣለች።

ጣቷን አነሳችና ከወንበሩ ተነሳች።

«እርስዎ ይጻፏት» አለች።

«እኔ? ኧረ ብላሽ ባደርገውስ!»

«ይቀመጡ እትዬ። የላይኛዋን መስመር እያዩ፣ ልክ እንደሷ። ስሟን የፈለጉትን ይበሏት።»

እትዬ ብርሀንነሽ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋን ፊደል ፍለጋ ጣታቸው ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። አርዋ ፊደሏ የት እንዳለች ታያለች፤ አብሯት የቀረው ሱፍያንም አይቷት ሊጠቁም እጁን ዘረጋ።

«ተው» አለችው አርዋ፣ እጁን ይዛ። «ያገኟታል።»